የባዮኢንፎርማቲክስ ሶፍትዌሮች ለምን በዙ? ተንከባካቢስ ለምን አጡ?

ከአንድ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ አክታ የተገኘ ባክቴሪያ ዲኤንኤው ተነቦ ሲያልቅ፣ ተመራማሪው እጅ የሚገባው ሐኪም አይቶ የሚረዳው ዓይነት የላብራቶሪ ውጤት አይደለም። የሚገባው በሚሊዮን የሚቆጠሩ አጫጭር የፊደል ቁርጥራጮች የታጨቁበት የኮምፒውተር ፋይል ነው። ፊደሎቹ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ የሚባሉ አራት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ ቁርጥራጭ ብዙውን ጊዜ 150 ፊደል ገደማ ይኖረዋል። የባክቴሪያው ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ሙሉ ቅደም ተከተል፣ ግን 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደል ይረዝማል። ስለዚህ ጥራት የጎደላቸውን ቁርጥራጮች የሚያስወግድ፣ የቀሩትን እያንዳንዳቸውን በጂኖሙ ላይ በየቦታቸው የሚያስቀምጥ፣ ለማወዳደሪያ ከተመረጠው ማጣቀሻ ጂኖም የተለዩትን ፊደሎች ነቅሶ የሚያወጣ፣ በመጨረሻም «ይህ ለውጥ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት እንዲቋቋም ያደርገዋል» ብሎ የሚተረጉም ሶፍትዌር ያስፈልጋል። የዚህ ሥራ ዘርፍ ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል። በዘርፉ የተሠሩ ሶፍትዌሮች ቁጥር እጅግ በዝቷል፤ ከታተሙ በኋላ የሚንከባከባቸው ሰው ያላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ጉዳቱ ደግሞ አስቀድሞ የሚያርፈው እንደ እኛ ከሠሪዎቹ ርቆ በሚሠራ ተጠቃሚ ላይ ስለሆነ፣ ነገሩ ለምንና እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ይህን መሰል ሥራ ከሚሠራባቸው ወይም ከሚያስፈልጋቸው ተቋማት በርከት ያሉት የሚገኙት በአዲስ አበባ ዳርቻና ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ዘነበወርቅ አለርት ግቢ ውስጥ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሰበታ ነው፤ ብሔራዊው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ደግሞ ሆለታ። እኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በዚህ ሥራ የማግዘው በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ነው። እዚህ ዳር ላይ የሚሠራ ሰው መሣሪያው አልሠራ ሲለው ወደ ጎረቤት ክፍል ጎራ ብሎ «ይህን ፕሮግራም የጻፍከው አንተ ነህና እስቲ እየው» ሊል አይችልም። ያለው አማራጭ ለማያውቀው ሰው ኢሜይል ጽፎ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ለቆ ሄዷል፣ ኢሜይሉም ተዘግቷል።

ስለ ብዛቱ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ወስደን እንይ። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ የሚያነበው ቴክኖሎጂ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ካለፈው ዐሥርት ወዲህ ነው። በ2021 ጂኖም ባዮሎጂ በተባለው ጆርናል የወጣ ጥናት ለዚህ ቴክኖሎጂ ብቻ የተሠሩት የመተንተኛ መሣሪያዎች ከ1,000 በላይ መድረሳቸውን አሳይቷል። ስለ ጥገናው ደግሞ በ2019 ፕሎስ ባዮሎጂ ላይ የታተመ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ በጆርናሎች የተዋወቁ ሶፍትዌሮችን አድራሻ ሲፈትሹ ከአራቱ አንዱ ያህል በታተመው አድራሻ አልተገኘም። ከዚያም 98 ሶፍትዌሮችን መርጠው ለመጫን ሞከሩ፤ ከእነዚህም 28 በመቶዎቹ ከነጭራሹ አልተጫኑም። የሞከሩት ሰዎች ሙያው ያላቸውና ጥሩ ኢንተርኔት ያላቸው እንደነበሩ ማሰብ ይገባል።

ይህ ሁሉ የሆነው በስንፍና አይደለም። የሳይንሱ ዓለም የሚሸልመውና የማይሸልመው ሥራ ተለያይቶ ስለተቀመጠ ነው። አንድ የዶክትሬት ተማሪ አዲስ ዘዴ ይቀይሳል፤ ዘዴውን በኮድ ይጽፋል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ነባር መሣሪያዎች ጋር አወዳድሮ የእሱ እንደሚበልጥ በሰንጠረዥ ያሳያል፤ ጽሑፉ ይታተማል፤ ተማሪው ይመረቃል። የማወዳደሪያውን መረጃ የመረጠው ራሱ ስለሆነ አዲሱ መሣሪያ በገዛ ጽሑፉ ላይ ሲሸነፍ ማየት ብርቅ ነው። የጆርናሉ ገምጋሚዎች በአብዛኛው የሚያነቡት ጽሑፉን ነው፤ ፕሮግራሙን በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጭነው እንዲሞክሩት ሁልጊዜ አይጠየቁም። ተመራቂው አዲስ ሥራ ሲይዝ አዲሱ አሠሪው የሚከፍለው ለሌላ ሥራ ነው፤ አማካሪው ደግሞ ሌላ ተማሪ ተቀብሏል፤ እሱም በተራው የራሱን አዲስ መሣሪያ ይሠራል። ሪባን ተቆርጦ የተመረቀ የውኃ ቦኖ ቧንቧው ሲበላሽ ጠጋኝ እንደሚያጣ ሁሉ፣ ኮዱ በተለጠፈበት ቦታ ይቀራል።

የምርምር ገንዘብም የሚፈስሰው ወደ አዲሱ ነው። የገንዘብ ማመልከቻ የሚያቀርብ ሰው «ቀድሞ የተሠራውንና ብዙዎች የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር ለሦስት ዓመት ስሕተቱን አርማለሁ፣ መመሪያውን አሻሽላለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ገምጋሚው የሚጠይቀው «አዲሱ ግኝት የት አለ?» ብሎ ነው። የመምህራን ዕድገትም የሚቆጠረው በታተሙ ጽሑፎች ነው። በዚህ ላይ አንድ ሐቅ መጨመር አለበት፤ የሌላ ሰው ኮድ አንብቦ መረዳት የራስን ከመጻፍ ይከብዳል። መመሪያ ያልተጻፈለት ሁለት ሺህ መስመር ኮድ የተሰጠው ተማሪ «ከባዶ ብጀምር ይሻለኛል» ቢል አይፈረድበትም፤ ለእሱ በእርግጥም ይሻለዋል፣ የሚጎዳው ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው።

ብዛቱ ሁሉ ግን ከንቱ ነው ማለት ትክክል አይሆንም። የዲኤንኤ ንባብ ቴክኖሎጂ ራሱ ሲለወጥ አዲስ ሶፍትዌር የግድ ያስፈልጋል። ለ150 ፊደል ቁርጥራጭ የተሠራ ፕሮግራም እንደ ናኖፖር ያሉት ማሽኖች የሚያወጡትን በብዙ ሺህ ፊደል የሚረዝም ንባብ እንዲያስተናግድ መጠበቅ አይቻልም። ችግሩ ያለው ለተመሳሳይ ሥራ፣ ለተመሳሳይ መረጃ፣ በጥቂቱ ብቻ የሚለያዩ መሣሪያዎች በየዓመቱ ሲጨመሩና ቀድሞ የነበሩት ማንም ሳያነሣቸው በተለጠፉበት ሲቀሩ ነው።

ያልተነካ ኮድ ለምን ይበላሻል? ኮድ አይዝግም፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የተጻፈው ፊደል ዛሬም ያው ነው። የሚለወጠው ኮዱ የቆመበት መሠረት ነው። አንድ የባዮኢንፎርማቲክስ ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም፤ በፕሮግራሚንግ ቋንቋው፣ ሌሎች ሰዎች በጻፏቸው ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) እና በኮምፒውተሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ተደግፎ ነው የሚሠራው። ከእነዚህ አንዱ ሲታደስ ፕሮግራሙም አብሮ መታደስ አለበት። በዘርፉ በብዛት የሚሠራበት ፓይተን የተባለው ቋንቋ ጥሩ ማሳያ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ያበቃ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በእሱ የተጻፉ እጅግ ብዙ መሣሪያዎች ወደ ፓይተን 3 ሳይሸጋገሩ ቀርተዋል።

እንዲህ ያለውን አሮጌ መሣሪያ አንድ ተማሪ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲያስነሣው መጀመሪያ የሚገጥመው ግልጽ ስሕተት ነው። በፓይተን 2 ፕሪንት የሚለው ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ይጻፍ ነበር፤ ፓይተን 3 ቅንፍ ስለሚጠይቅ ፕሮግራሙ ገና ከመነሻው ይቆማል። ተማሪው ቅንፎቹን ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ተማሪውም ይደሰታል። እኔን የሚያሠጋኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በፓይተን 2 ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ መልሱም ሙሉ ቁጥር ይሆናል፤ 5 ለ2 ሲካፈል 2 ይወጣል። በፓይተን 3 ግን መልሱ 2.5 ነው። ኮዱ ውስጥ «ውጤቱ ከ2 በላይ ከሆነ ለውጡን ተቀበል» የሚል መስመር ካለ፣ ያው የዲኤንኤ ለውጥ በአሮጌው ፓይተን ውድቅ ሲደረግ በአዲሱ ይጸድቃል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣ የስሕተት መልእክት የለም፤ ፋይሉ በሰላም ይጻፋል፤ ሰንጠረዡም ያምራል። ጨርሶ የማይነሣ ፕሮግራም ጊዜ ያባክናል፤ ተነሥቶ የተለየ መልስ የሚሰጥ ግን የተሳሳተ ውጤት ጽሑፍ ውስጥ ያስገባል።

ከዚህም የባሰው መሣሪያው በደንብ እየሠራ የያዘው ዕውቀት ሲያረጅ ነው፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በዓለም ላይ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ይከፈላል። እስከ 2013 ድረስ የሰው ቲቢ ዋና ዋና የዘር ሐረጎች ተብለው የሚቆጠሩት ስድስት ነበሩ። በዚያ ዓመት ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሰባተኛውን ይፋ አደረገ፤ የሚገኘውም በአብዛኛው በኢትዮጵያና ከኢትዮጵያ በሄዱ ሰዎች ላይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የተሠራና ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ የዘር ሐረግ መለያ ሶፍትዌር፣ ከወሎ የመጣ ናሙና ሲሰጠው ወይ «አልታወቀም» ይላል፣ ወይ ቀረብ ወዳለው የተሳሳተ ሐረግ ይመድበዋል። በ2020 ከአፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ስምንተኛው ሐረግ ተገኝቶ ስለተጨመረ ዝርዝሩ ያኔም አልተዘጋም።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢን የሚለዩት ሶፍትዌሮች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ክትትል ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር መልስ የሚሰጠው የትኛው የዘረመል ለውጥ የትኛውን መድኃኒት እንደሚያከሽፍ ከሚዘረዝር የመረጃ ቋት ተነሥቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእነዚህን ለውጦች መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ2021 ከ38,000 በላይ ናሙናዎችን መሠረት አድርጎ ሲሆን፣ በ2023 ናሙናዎቹን ከ52,000 በላይ አድርሶ ሁለተኛውን እትም አወጣ። በሁለተኛው እትም እንደ ቤዳኩዊሊን ስላሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ያለው መረጃ ሰፍቷል። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የመረጃ ቋቱ ከ2021 በፊት በቆመ ሶፍትዌር ተሠርቶ «ቤዳኩዊሊንን የሚቋቋም ለውጥ አልተገኘም» የሚል ውጤት ቢመጣ፣ ትርጉሙ ለውጥ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩ የት መፈለግ እንዳለበት አያውቅም ማለትም ሊሆን ይችላል። ውጤቱን የሚያነበው ሰው ሁለቱን መለየት የሚችለው የሶፍትዌሩና የመረጃ ቋቱ ቨርዥን አብሮ ከተጻፈለት ብቻ ነው። ስለዚህ ቨርዥን ያልተጻፈበትን ውጤት እንደ ውጤት ባንቀበለው መልካም ነው እላለሁ።

የመሣሪያው ሠሪዎች ራሳቸው «ተዉት» ብለው እንኳ ሰው አልተው ያለበት ጊዜ አለ። ቶፕሃት የተባለው፣ የአርኤንኤ (ከሚሠሩ ጂኖች የሚቀዳው መልእክት) ንባቦችን በጂኖም ላይ በየቦታቸው የሚያስቀምጠው ፕሮግራም የታተመው በ2009 ነበር። በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። በኋላ የተሻለና ፈጣን የሆነው ሂሳት2 መጣ፤ የቶፕሃት ገጽም ተጠቃሚዎች ወደዚያ እንዲሄዱ መምከር ጀመረ። ሆኖም በ2017 ከአበልጻጊዎቹ አንዱ በአደባባይ «እባካችሁ ቶፕሃትን መጠቀም አቁሙ» ብሎ ሲማጸን፣ በዚያ ዓመት ፕሮግራሙ የተጠቀሰባቸው ጽሑፎች ቁጥር ካለፈው ዓመት በልጦ እንደነበር ተናግሯል። ምክንያቱን እዚህ ሆነን በቀላሉ እንረዳዋለን፤ ተማሪ የሚጠቀመው ከእሱ በፊት የተመረቀው ተማሪ በማስታወሻ ጽፎ የተወለትን ትእዛዝ ነው። በመሣሪያ ብዛት መካከል መንገድ የጠፋው ሰው አዲሱን ከመፈለግ የሚታወቀውን መያዝ ይመርጣል፤ ብዛቱም በዚህ መንገድ ሰውን ወደ አሮጌው ይመልሰዋል።

እየኖሩ ያሉት መሣሪያዎች ለምን ኖሩ? ብላስት የታተመው በ1990 ነው፤ ዛሬም ተማሪ ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው። የኖረው በአሜሪካ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል ውስጥ ሥራዬ ብለው የሚንከባከቡት ደመወዝተኞች ስላሉት ነው። በ2001 የተጀመረው ባዮኮንዳክተር ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። በአር ቋንቋ የተጻፉ ፓኬጆችን ሰብስቦ ይዞ በየጊዜው በራስ ሰር ይፈትሻቸዋል፤ አዲስ ቨርዥን የሚያወጣውም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ሠሪው ጥሪ ተደርጎለት ስሕተቱን ካላረመ ፓኬጁ መጀመሪያ ሊወጣ መሆኑ ይነገርና በሚቀጥለው ዙር ከስብስቡ ይወጣል። ይህ አሠራር ለተጠቃሚው ያለው ጥቅም በቀላሉ አይገመትም፤ ስብስቡ ውስጥ የቀረው ፓኬጅ ቢያንስ ተጭኖ የሚነሣ መሆኑን ማወቅ ይቻላልና።

ብዙ ሰው መፍትሔ አድርጎ የሚጠቅሳቸው ባዮኮንዳንና እንደ ዶከር ያሉ ኮንቴይነሮችን ነው። ባዮኮንዳ በሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ከነድጋፍ ላይብረሪዎቻቸው በአንድ ትእዛዝ ለመጫን ያስችላል፤ ኮንቴይነር ደግሞ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አንድ ላይ አሽጎ ይይዘዋል። ሁለቱም የመጫን ጣጣን በእጅጉ ቀንሰዋል፤ እኔም ያለ እነሱ ማስተማር ይከብደኛል። ይሁን እንጂ ኮንቴይነር የሚያሽገው ስሕተቱንም ጭምር ነው። በ2020 የታሸገ የቲቢ ሶፍትዌር ዛሬም ያለ እንከን ይነሣል፤ የሚመልሰው ግን የ2020ን ዕውቀት ነው። መጠኑም ቀላል አይደለም፤ አንዱ ኮንቴይነር በመቶዎች ሜጋባይት አልፎም በጊጋባይት ሊመዘን ይችላል። መብራት እየተቋረጠ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ደግሞ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በአንድ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ሰው በሌሊት፣ ካቆመበት በሚቀጥል ማውረጃ አውርዶ በጋራ ሰርቨር ወይም በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቢያስቀምጠው፣ ሌሎቹም ቨርዥኑ በላዩ ተጽፎበት ከዚያ ቢወስዱ ድካሙም ወጪውም ይቀንሳል።

መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ጽሑፉ የታተመበትን ጆርናል ስም ከማየቱ በፊት ኮዱ የተቀመጠበትን ገጽ ቢያይ ይሻላል። ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው መቼ ነው? ተጠቃሚዎች ላነሷቸው ችግሮች መልስ የሚሰጥ ሰው አለ ወይስ ጥያቄው ብቻ ተደርድሯል? የሚሠሩበት ሰዎች ስንት ናቸው? መሞከሪያ መረጃ አብሮ ተቀምጧል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አንድ ትንሽ ሥራ ብቻ የሚሠራና ሥራውን ጨርሶ ያበቃ ፕሮግራም ለዓመታት ባይነካም ምንም ላይጎድለው ይችላል። እንደ መድኃኒት መላመድ ያለ በየጊዜው የሚሰፋ ዕውቀት የያዘ መሣሪያ ግን ሁለት ዓመት ሳይነካ ከቆየ ሊያጠራጥረን ይገባል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙና መሞከርን ነው። የቲቢ ማጣቀሻ ጂኖም የሚባለው፣ በ1998 ሙሉ ቅደም ተከተሉ የታተመው ኤች37አርቪ ነው። ከዚሁ ጂኖም በኮምፒውተር ተቆራርጠው የተዘጋጁ ንባቦችን ለፕሮግራሙ ስጡትና «ልዩነት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከራሱ ጋር ስለተወዳደረ መልሱ ባዶ ዝርዝር መሆን አለበት። ባዶ ካልሆነ የወጣው እያንዳንዱ መስመር መሣሪያው ወይም አጠቃቀማችን የፈጠረው ስሕተት ነው። ቀጥላችሁ የዘር ሐረግ 7 መሆኑ አስቀድሞ የተረጋገጠ ናሙና ስጡት። ሁለቱን ያላለፈ መሣሪያ የታካሚ ናሙና ሊሰጠው አይገባም። ይህ ሙከራ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም አይፈጅም።

አገራችን ውስጥ ይህን ሙያ የሚማሩ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ የመመረቂያ ሥራቸውም አዲስ መሣሪያ እንዲሆን የሚገፋፋቸው ብዙ ነው። እዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የዲግሪና የዕድገት መመዘኛ ነባር መሣሪያን ማደስን እንደ ሙሉ የምርምር ሥራ ሊቆጥረው ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ለዚህ የሚሆን ሥራ ሞልቷል። ጤፍን ብንወስድ፣ ከሁለት የተለያዩ የዕፅዋት ጂኖሞች መጋጠም የተገኘ 40 ክሮሞሶም ያለው ሰብል ነው፤ በክሮሞሶም ደረጃ የተገጣጠመው ጂኖሙም በ2020 ታትሟል። ብዙዎቹ ልዩነት ነቃሽ ፕሮግራሞች ግን እንደ ሰው ሁለት ሁለት ቅጂ ብቻ ያለውን ጂኖም ታሳቢ አድርገው የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ የጤፍ ሁለቱ ንዑስ ጂኖሞች በሚመሳሰሉበት ቦታ ንባቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያምታቱት ይችላሉ። ለዚህ አዲስ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ነባሩ የት የት እንደሚሳሳት በጤፍ መረጃ ለይቶ ማሳየት፣ ማስተካከያውን ጽፎ ለዋናዎቹ ሠሪዎች መላክና ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ከእነሱ ጋር መጻጻፍ በቂ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ነው። በ2016 የተመሠረተው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጆርናልን የመሰሉ መድረኮችም ገምጋሚው ሶፍትዌሩን ራሱ ጭኖ፣ መመሪያውንና የሙከራ ፋይሎቹን እንዲፈትሽ ስለሚያደርጉ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚመጥን አርአያ ይሆናሉ። መመዘኛውን የሚያወጡት ኮሚቴዎች የተማሪውን ማስተካከያ ዋናዎቹ ሠሪዎች መቀበላቸውን፣ መመሪያው በሌላ ሰው እጅ መሥራቱን፣ የሙከራ ናሙናዎቹም ለሕዝብ ክፍት መሆናቸውን ቢጠይቁ፣ ሥራው መሠራቱን ከታተመ ጽሑፍ ባልተናነሰ ሁኔታ ማረጋገጥ ይችላሉ።